ሻንቆና ሰባቱ ጥይቶች

ጂንካ ውስጥ ሻንቆን የማያውቅ ሰው ከነበረ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ጠመንጃ የለውም። ጠመንጃ ያለውማ ሁሉ ያውቀዋል። የአውራጃው መሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር። ግምጃ ቤቱ ከአውሮፕላን ሜዳው ዳር የቆመ፣ መስኮቱ በብረት የታጠረ፣ ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው ሰው የማያነጋግር ቤት ነው። ከስድሳ ሰባት ጀምሮ እስከ ሰማንያ ሦስት ድረስ ሻንቆ እዚያ በር ላይ ተቀምጧል። ስሙን ሲጠሩት ግን ሻንቆ ብለው አያቆሙም፤ «ሻንቆ አንቀጽ» ይሉታል። እሱም አይቆጣም። ሰው ባመነበት ነገር ቢቀለድበት ምን ይጎዳዋል?

ስሙን ያተረፈው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ሻንቆ ያኔ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ከአሪ ገበሬ ቤት ተወልዶ፣ በቆሎ ሲኮተኩት አድጎ፣ ጥበቃ ሆኖ ሲቀጠር የሚያውቀው ፊደል አንድም አልነበረም። ከሚቀመጥበት በርጩማ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ትልቅ የታተመ ወረቀት ተለጥፏል። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ወረቀት ሲያየው ኖረ። የመንግሥት ጸሎት ነገር ይመስለው ነበር።

አስተማሪዋ ኤልሳቤጥ ትባላለች። ከዳገቱ በላይ የገዘር መንደር ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ለዘመቻው የተመደበች፣ ሳቅ የማይጠፋባት፣ ግን «ጸ» ን «ጰ» ብሎ ያነበበባትን ሰው በጠመኔ የምትመታ። ለሠላሳ ተማሪ ስድስት መጽሐፍ ብቻ ሲመጣ ሻንቆ ባዶ እጁን ቀረ። «አንተ ምን ቸገረህ?» አለችው፤ «ግድግዳህ ላይ ያለውን እየገለበጥክ አምጣ፤ በእሱ ትማራለህ።» ሻንቆ በቀን አንድ መስመር እንደ ሥዕል እየገለበጠ ያመጣል፤ እሷ ታስነብበዋለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በሦስተኛው ወር ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለ ማንም እርዳታ፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ራሱ አነበበ።

«ጥይት በተቀመጠበት ክፍል ውስጥም ሆነ አጠገብ እሳት ማንደድ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ሻንቆ ይህን ሲያነብ ጎደሬው ከጀርባው እየተቀቀለ ነበር። ከምድጃው እስከ ጥይቱ ሣጥን ሦስት እርምጃ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ምሳውን የቀቀለው እዚያው ነው! ድስቱን በባዶ እጁ አንሥቶ ወጣ፤ ተመልሶ ፍሙን በአካፋ አወጣ፤ አመዱ ላይ ሁለት ባልዲ ውኃ ደፋ። ከዚያ የተቃጠለ ጣቱን እየነፋ፣ የአውሮፕላን ሜዳውን አቋርጦ፣ ኤልሳቤጥ ወደምታስተምርበት ዳስ እየሮጠ ገባ።

«መምህርት! በሕይወት አለሁ እኮ!» አላት።

ኤልሳቤጥ ነገሩን አንድ በአንድ ካስነገረችው በኋላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ጣቱን አይታ የራስ ሻሿን ጫፍ ቀድዳ አሰረችለት። ፍቅር በየት በኩል እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። ለእነዚህ ሁለቱ በእሳት ማንደድ ክልከላ በኩል ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሻንቆ ወረቀቱን፣ የመሣሪያ አያያዝ ደንቡን፣ እንደ ዳዊት በቃሉ ያዘው፤ ሃያ ሁለቱንም አንቀጽ። ሌላው ሰው ሕግ ሲሰማ ግንባሩን ይቋጥራል። ለሻንቆ ግን ያ ወረቀት በዕድሜው የመጀመሪያውን እውነት የነገረው ወዳጁ ነው። ጠመንጃዎቹን በአንድ ክፍል፣ ጥይቱን በሌላ ክፍል ለየ። ከቀይ አፈር ከተማም ሆነ ከበና መንደር የመጣ ሰው ጠመንጃውን ሊያስረክብ ሲቀርብ፣ ሻንቆ ሰላምታ አይቀበልም። መጀመሪያ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያስይዘዋል፣ ማጉረሻውን ያስከፍተዋል፣ ትንሿን ጣቱን ከቶ ባዶነቱን ያያል። «መጀመሪያ ጠመንጃህ ይናገር» ይላል፤ «ከዚያ አንተ እንደ ልብህ ታወራለህ።» ሰዉ ይስቃል፣ ያላግጣል፣ ግን ያደርጋል። ከጥበቃነት ወደ ኃላፊነት ያደገውም በዚሁ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በእጁ ያለፈ ጠመንጃ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው በስሕተት አልጎዳም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥይት ወደ ወረዳ ሲላክ ደግሞ ሥራው ሌላ መልክ ነበረው። ጥይቱ በብረት ሣጥን ተቆልፎ ይጫናል። አንቀጽ አሥራ አራት እንደሚለው የሣጥኑ ቁልፍ ከሣጥኑ ጋር አይጓዝም። መንገድ ላይ ሣጥኑ ቢጠፋ ወይም ቢዘረፍ ማንም እንዳይከፍተው ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሣጥን ቁልፍ መንታ ነው፤ አንዱ ጂንካ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ መንታው ቀይ አፈር ወይም አልዱባ ተቀባዩ ዘንድ ይጠብቃል። ሻንቆ ሣጥኑን ያደርሳል፣ ተቀባዩ ከኪሱ ቁልፉን ያወጣል፣ ይከፈታል፣ ይፈራረማሉ። ሻንቆ ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረገው ቁጥሩን አያውቀውም። እግሩ ራሱ ያውቀው ነበር።

የጋብቻው ነገር ግን እንደ ሣጥኑ አልቀለለም። የኤልሳቤጥ አባት ዶላሞ ከአምስት ወንዶች ልጆች በኋላ ያገኛትን አንዲት ሴት ልጁን ለማንም የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ደግሞ የጠመንጃ ሰው ነው። በወጣትነቱ አዳኝ ነበር፤ ምንሽሩ ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሌት ተቀን ተሰቅሎ ይኖራል። ሻንቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዘር ድረስ ሄዶ ከቤቱ ሲገባ ዓይኑ ያረፈው በልጅቱ ላይ አልነበረም።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ነገር ጥይት ጎርሷል እንዴ?» አለ፤ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ።

«ያልጎረሰ ጠመንጃማ ዱላ ነው!» አለ ዶላሞ።

ሻንቆም ልጅቱን ከመጠየቁ በፊት አንቀጽ ሦስትን አስረዳ። ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ሰው በሚተኛበት ክፍል እንደማይቀመጥ፣ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ እንደሚያዝ፣ ይህም ለባለቤቱ ለራሱ እንደሚበጅ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አለ። ዶላሞ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ በሩን አሳየው።

ሁለተኛ የሄደው ሽማግሌ ይዞ ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኃይለጊዮርጊስ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሰሜን የመጣ፣ ጂንካ ላይ ዕድሜውን የፈጀ፣ ድንጋይ የሚያስቅ ምላስ ያለው ሰው። እናቲቱ አስቻለችም ከጓሮ በኩል ሥራዋን ሠርታ ኖሮ፣ ዶላሞ በመጨረሻ እሺ አለ። ግን ቃል አስገባ። እሱ አስቻለችን ያገባ ቀን ሰባት ጥይት ተተኩሷል፣ ለአባቱም ሰባት፣ ለአያቱም ሰባት። «ፀሐይ ከአናት ሳታልፍ ሰባት ጥይት ደጄ ላይ ይጮኻል» አለ፤ «ካልጮኸ ልጄ ከዚህ ጎጆ አትወጣም። እኔ ልጄን ድሬ የምሰጥ እንጂ የተሰረቀችብኝ አይደለሁም።» ሻንቆም ቃል ገባ። ሰባት ጥይት ለግምጃ ቤት ሹም ምን ይከብደዋል?

ሠርጉ የሰባ አምስት ጥር ላይ ነበር። ሻንቆ ሚዜዎቹ በየስማቸው ያስቀመጡትን ሰባት ጠመንጃ ለአንድ ቀን ለማውጣት ማመልከቻ ጻፈ። ማመልከቻው የሚቀርበው ለግምጃ ቤቱ ሹም ስለሆነ ለራሱ አቀረበ፤ አጥብቆ መረመረው፤ አንድ ቃል ጎድሎት አገኘና ለራሱ መለሰው። በማግሥቱ አስተካክሎ ሲያመጣ ተቀበለውና ለአለቃው አስፈረመ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት የኃይለጊዮርጊስ መኪና ግምጃ ቤቱ ደጃፍ ቆመ። ሰባቱ ጠመንጃ ባዶነታቸው ተረጋግጦ፣ በሸራ ተጠቅልለው፣ አፈሙዛቸው ወደ ላይ ሆኖ ከጋቢናው ጀርባ ታሰሩ። ሰባቱ ጥይት ሁለት ሰው በሚሸከመው የብረት ሣጥን ውስጥ ገብተው፣ ተቆልፈው፣ በመኪናው መጨረሻ ተቀመጡ። ሚዜዎቹ መሐል። ሲጋራ የለም። ሣጥኑ አጠገብ መጨፈር የለም። ከኋላ ቀይ ጨርቅ ይውለበለባል።

«ሙሽራ ነው የጫንኩት ወይስ ባሩድ?» አለ ኃይለጊዮርጊስ።

«ሁለቱንም ቀስ ብለህ ንዳ» አለ ሻንቆ። ሰማያዊ ሱፍ ለብሷል፣ ደስታው ፊቱ ላይ አልበቃ ብሎ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ወደ ገዘር በሚወስደው ዳገት ላይ ሚዜዎቹ ዘፈኑ፤ እሱም ሣጥኑን በአንድ ዓይኑ እየጠበቀ አብሮ ዘፈነ።

ገዘር ሲደርሱ የዶላሞ ግቢ በሰው ጢም ብሏል። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ዶላሞ ነጭ ጋቢውን ደርቦ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ኤልሳቤጥ ጎጆ ውስጥ ናት፤ በወጉ ሰባተኛው ጥይት ሳይጮኽ አትወጣም። ጠመንጃዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሁለት ሚዜዎች ሣጥኑን ተሸክመው አምጥተው ከዶላሞ እግር ፊት አስቀመጡት።

ሻንቆ ፈገግ ብሎ እጁን ለአማቱ ዘረጋ።

ዶላሞ የተዘረጋውን እጅ አየ። ሊጨብጠው ተነሣ።

«ቁልፉን፣ አባቴ» አለ ሻንቆ።

«የምን ቁልፍ?»

ያኔ ገባው። በአራት ዓመት ውስጥ ያደረሰው ሣጥን ሁሉ መንታ ቁልፍ የያዘ ተቀባይ ነበረው። ቀይ አፈር ቁልፍ አላት፣ አልዱባ ቁልፍ አላት፤ የአማቱ ግቢ ግን ቁልፍ የላትም! ዛሬ ጠዋትም እንደ ወትሮው ሣጥኑን ቆለፈ፣ እንደ ወትሮው ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ እንደ ወትሮው ቤቱን ዘግቶ ልቡ ረክቶ ወጣ። ቁልፉ ጂንካ ነው። ደርሶ መልሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ፀሐይዋ ደግሞ አናት ላይ ልትደርስ ጥቂት ነው የቀራት።

«ጉድ ፈላ» አለ ኃይለጊዮርጊስ ነገሩ ሲነገረው። ሮጦ ከመኪናው ዲጅኖ አመጣ። «ዞር በል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላሳርፍበት።»

ሻንቆ ዲጅኖውን አየ። ሣጥኑን ከበው የቆሙትን ልጆች አየ፣ ነፍሰ ጡሯን ጎረቤት አየ፣ ለእልልታ አፋቸውን የከፈቱትን አሮጊቶች አየ። ጎጆው ውስጥ ያለችውን ደግሞ ባያያትም ከሁሉም አብልጦ አሰባት። እውነት ለመናገር እግዜርን «ምነው ዛሬ?» ብሎታል።

«ውስጡ ጥይት ያለበት ሣጥን በብረት አይመታም» አለ። ኃይለጊዮርጊስ እንዳይቀድመው የፈራ ይመስል በሱፉ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለበት።

እንግዲህ አስቡት፤ ሙሽራው፣ በሠርጉ ቀን፣ ጥይት ላይ እንደ ዶሮ ተቀምጧል። ከጎጆው ውስጥ አንዲት ሴት ስትስቅ ተሰማ። ሙሽሪት በዚያ ሰዓት ማልቀስ እንጂ መሳቅ ነውር ነው። ኤልሳቤጥ ግን የጣቱን ቃጠሎ ያሰረች ልጅ ናት፤ ባሏ ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ዶላሞ ግን አልሳቀም። እስከዚያ ድረስ በአሪኛ ነበር የሚነጋገሩት። አሁን ኃይለጊዮርጊስም እንዲሰማ ብሎ ወደ አማርኛ ዞረ፤ እሱ አማርኛ የሚናገረው ሲቆጣ ነው። «የእኔ ጠመንጃ ቁልፍ የለውም!» አለ። «ሰባቱንም እኔ ራሴ እተኩሳለሁ! ከዚያ ልጄን ይዛችሁ ሂዱ፤ የመንግሥት ሣጥናችሁንም ይዛችሁ ሂዱ!»

ገብቶ ምንሽሩን ከአልጋው ራስጌ አውርዶ መጣ። ሕዝቡ እልል አለ። ሚዜዎቹ የሻንቆን ትከሻ መታ መታ እያደረጉ እንኳን ደስ አለህ አሉት። ነገሩ አለቀ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሰባት ጊዜ ይጮኻል፣ ሚስቱ ትወጣለች። ዶላሞ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሣ።

ሻንቆ ከሣጥኑ ተነሥቶ ፊቱ ቆመ።

«አባቴ፣ ሳይፈተሽ አይተኮስም።»

«በገዛ ደጄ?»

«በገዛ ደጅዎ። ሲሰቀል ኖሯል፤ ውስጡን ያየው የለም። ልጅዎን ከከለከሉኝም ይከልክሉኝ፤ እኔ እያየሁ ግን አይተኩሱም።»

ዶላሞ ጠመንጃውን አላወረደም። የሚመጣውን ቃል ሁሉም ፈርቶ ሲጠብቅ፣ አስቻለች የእንግዳ ሳህኗን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች።

«ስጠው» አለች። «ሠላሳ ዓመት ከራሴ በላይ ሰቅለህብኝ ተኝቻለሁ። ዛሬ ይታይልኝ።»

ከዚህ በኋላ የሚናገር ወንድ የለም። ዶላሞ ጠመንጃውን ሰጠ። ሻንቆ ማጉረሻውን ሲከፍተው የዛገው ብረት ጮኸ፤ አረንጓዴ የለበሰ ጥይት መሬት ላይ ወደቀ። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አዙሮ በማጉረሻው በኩል አየ። ብርሃን የለም። ከአጥሩ ቀጭን ሽመል አስመጥቶ ወደ ውስጥ ሰደደው፤ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ገፋ አደረገው። ደረቅ ጭቃ እየተሰባበረ ወጣ፤ ከጭቃው ኋላ ሁለት ተርቦች ተበሳጭተው ወጡና በዶላሞ ጋቢ ላይ ዞረው ሄዱ። ቤት ሠርተውበት ኖረዋል።

ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ዶላሞ አዳኝ ነው። የተደፈነ ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ የት እንደሚፈነዳ ያውቃል። የቅድም አቋቋሙን አሰበ፤ ጉንጩ ሰደፉ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከዚያ ጎጆውን፣ አልጋውን፣ አልጋው ላይ ስትተኛ የኖረችውን ሴት አሰበ። ቀስ ብሎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ በመጨረሻ ጢሙ ሁሉ ሳቀ። «ተርብ!» አለ። «ሠላሳ ዓመት ጠላት ስጠብቅ ተርብ ሳሳድግ ኖርኩ!» ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሻንቆም ተመልሶ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ።

«ፀሐይ የት ደረሰች?» አለ ዶላሞ እንባውን እየጠረገ።

«አናት ላይ» አሉት።

ተነሣ። ጠመንጃውን ከሻንቆ ተቀበለ። ማጉረሻውን ራሱ ከፍቶ ትንሿን ጣቱን ከተተ፤ ባዶ መሆኑን አየ። ሻንቆን በጎን ገርመም አድርጎ «እንዲህ ነው አይደል?» አለው። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ደረቱን ነፋ፤ በአፉ፣ ተራራው እስኪመልስለት፣

«ጧ!» አለ።

ሕዝቡ ለአንድ አፍታ ደነገጠ። ቀጥሎ የሆነውን ገዘር ዛሬም ታወራለች። አስቻለች ሳህኑን ጥላ እልል አለች። «ጧ!» አለ ዶላሞ ሁለተኛ፤ ልጆቹ ሁሉ «ጧ!» ብለው ተቀበሉት። ሦስተኛው ላይ ሚዜዎቹ ባዶ ጠመንጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ተቀላቀሉ። አራተኛው ላይ ኃይለጊዮርጊስ ዲጅኖውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አሳርፎ ጮኸ። አምስተኛውን አሮጊቶቹ አሉት። ስድስተኛውን ሻንቆ፣ የአውራጃው መሣሪያ ግምጃ ቤት ሹም፣ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ አለው፤ በሃያ ሁለቱ አንቀጽ ውስጥ በአፍ መተኮስን የሚከለክል አንድም የለምና።

«ስድስት!» ብሎ ሕዝቡ ቆጠረ። ሁሉም ወደ ዶላሞ ዞረ። ሰባተኛው የአባት ነው።

ዶላሞ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ጠመንጃውን አጥብቆ ያዘ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ሞከረ። ሰባተኛው ከተባለ ልጅቱ ትሄዳለች፤ ይህን ያን ሁሉ ጊዜ ሲፎክር አላሰበውም ነበር። ሰዉም ገባው።

ኤልሳቤጥ ከጎጆው ወጣች። ወጉ ገና ነበር፤ ማንም ግን አልከለከላትም። በረጅም ነጭ ቀሚሷ ግቢውን አቋርጣ ከአባቷ ጎን ቆመች፣ ጠመንጃውን በያዘው እጁ ላይ እጇን ጫነች፣ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ጧ» አለችው፤ እሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ።

ዶላሞ ራሱን ነቀነቀ። «ሰባት» አለ።